ኮርሶቹ የማይነግሯችሁ

ጠጋ በሉማ። እነዚህ ሽማግሌዎች ጆሯቸው በመድፍ ቢደነቁርም ለሐሜት አልደነቆረም፤ ቀስ ብዬ ነው የማወራው።

የድሮው የሐረር ጦር አካዳሚ ምሩቃን ሲሰበሰቡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግርማ ሞገስ ነው። ጫማ የተወለወለ፣ ከረባት የጠበቀ፣ ወገብ ቀጥ ያለ። ጄኔራሉ ሲገቡ ኮሎኔሉ ብድግ ይላሉ። «አቤት ጌታዬ» ይባላል። የሕሊና ጸሎት ይደረጋል፤ በጦር ሜዳ የወደቁት ስማቸው በየማዕረጋቸው ይጠራል። እንግዳው ሁሉ «ወይ የድሮ መኮንን!» እያለ ይወጣል።

እንግዳው ይውጣ ብቻ።

በሩ ሲዘጋ ጄኔራሉ «አንተ» ይሆናሉ። «አንተ ቀጣፊ፣ ዘብ ላይ የተኛኸው አንተ፣ የተቀጣሁት እኔ!» ይባላሉ። ሰማንያ የሞላው ሰውዬ የዕጩ መኮንንነት ቅጽል ስሙ ይወጣል። ቅጽል ስሞቹን አልነግራችሁም፤ የልጅ ልጆቻቸው ያነባሉ። ማዕረግ ከኮቱ ጋር መስቀያ ላይ ይቀራል። አብረው ገብተው፣ አብረው ተቀጥተው፣ አብረው የተመረቁ ናቸዋ! እርስ በርስ የሚጠራሩትም «ኮርሴ» እያሉ ነው።

እኔ የአንዱ ሚስት ነኝ። ሥራዬ ታይፒስት ነበር። የእነዚህን ሰዎች ማመልከቻ፣ ይግባኝ፣ የልጆቻቸውን የሠርግ ጥሪ ስመታ ኖሬያለሁ። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን የምጽፈውም እኔ ነኝ። የሞቱትን ማለቴ ነው። በሕይወት ያሉትም ግን አሁን አሁን «እስቲ የኔን ረቂቅ አሳዪኝ» ማለት ጀምረዋል።

ከዚህ ሙያ አንድ ምስጢር ልስጣችሁ። የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው ሟቹ እንዲታወቅ አይደለም፤ ለቀስተኛው እንዳይጣላ ነው። ስለዚህ ሟች ሁሉ ተግባቢ ነው። ሟች ሁሉ ታታሪ፣ ሰው ወዳድ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ተግባቢ ያልሆነ ሰው ሞቶ አላጋጠመኝም። እውነተኛው ታሪክ የሚወጣው ቄሶቹ ከሄዱና ንፍሮው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ወረቀት የያዘ ሰው የለም። ከኔ በስተቀር።

ዛሬ የማወራችሁ የአንዱን ነው። የሠርጋችን ሚዜ ነበር፤ እኛ ቤት እስከ ዛሬ ሌላ ስም የለውም፣ ሚዜያችን ነው። የባሌ ኮርስ፣ አልጋቸው ጎን ለጎን የነበረ፣ ጥር 1970 ሐረር ግንባር የሞተ። አንድ ፖስታም አለበት። ፖስታው ጋ እደርሳለሁ፤ ዋናው ጉድ እሱ ነው።

መጀመሪያ ፎቶው።

እናቱ ቤት ግድግዳ ላይ የምረቃው ዕለት ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ኮፍያው ልክ፣ አገጩ ልክ፣ ዓይኑ ሩቅ የሚያይ። የተነሳው ግን ከጉልበቱ በላይ ብቻ ነው። ያየው ሁሉ የፎቶ አንሺው ጥበብ ይመስለዋል። ጥበብ አይደለም። የምረቃው ዕለት ጠዋት ሱሪውን እየተኮሰ የህንዱን አሠልጣኝ አነጋገር ያስመስላል፤ ጓደኞቹ መሬት ላይ ይንከባለላሉ፤ ካውያው ግን የትም አልሄደም፣ ሱሪው ላይ ነው። ከጉልበት በታች የካውያው ቅርጽ እንዳለ ወጣ። ትርፍ ሱሪ የለም። ኮርሶቹ መሀል አስገብተው ከለሉት፤ ጃንሆይ ፊት የቆመውም በዚያው ሱሪ ነው።

የህንዱ አነጋገር ከየት መጣ ትሉኝ ይሆናል። አካዳሚው በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም ያደራጁት የህንድ ጦር መኮንኖች ነበሩ፤ የመጀመሪያው አዛዥ ብርጋዴር ራውሌይ ራሳቸው ህንዳዊ ነበሩ። ሦስት ዓመት ያስተምር ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ጎበዝ ጎበዙ ተመርጦ ይገባል፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ማዕዱ በሹካና በቢላ፤ ተመራቂው ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ይወጣ ነበር። እናቱ ቤት በእጁ ሲበላ የኖረ ልጅ ሜስ ገብቶ አተር በሹካ ሲያሳድድ አስቡት። ባሌ ዛሬም አተር አይወድም።

ሆለታ ደግሞ አንጋፋው ነው፤ በ1927 በስዊድን መኮንኖች የተከፈተ። የሐረር ልጆች ሆለታ ስትሏቸው አፍንጫቸውን ነፋ ያደርጉ ነበር፤ ይህን ፊት ለፊት አይነግሯችሁም። ኋላ የሆለታ ምሩቅ የሆነ አንድ ሻለቃ፣ ያውም እዚያው ሐረር ከሚገኘው ከ3ኛ ክፍለ ጦር ተወክሎ የመጣ፣ አገሪቱን ሲይዝ አፍንጫው ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ወደ ሚዜያችን። ጨዋ ነበር ይላል እኔ የመታሁት ወረቀት። በሌሊት አጥር ዘሎ ፈረስ መጋላ ሻይ ሊጠጣ የሚወርደው ማን ነበር ታዲያ? ሻይ ነው ያሉኝ፤ ሻይ ይሁን። ሲመለስ መንገዱ ላይ ጅቦች ይጠብቁታል። ሐረር ነው፤ ጅቡ ሰው አይፈራም፣ ሰውም ጅብ አይፈራም። ሚዜያችን ግን የጎንደር ልጅ ነው፤ ይፈራል። አንድ ሌሊት አጥሩን ከዘለለ በኋላ ጅቡን ሸሽቶ የገባው ቀጥታ ዘብ ቤት ውስጥ ነው። ሙሉ ትጥቅ አሸክመው በቀትር ፀሐይ ሲያስሮጡት ኮርሶቹ በመስኮት እንደ ጅብ ይጮሁለት ነበር። ከነዚያ ጯሂዎች አንዱ በኋላ ክፍለ ጦር አዟል።

ካርታ ንባብ ላይ ደግሞ ጉድ ነበር። ቡድን ተሰጥቶት፣ ኮምፓስ ተሰጥቶት፣ ከሐረር ወደ ባቢሌ በኩል ያለ አንድ ኮረብታ ፈልግ ተባለ። ሲመሽ አንድ ገበሬ ጫት ማሳ ውስጥ ከነቡድኑ ተገኘ። ገበሬው አብልቶ አጠጥቶ አሳድሯቸዋል። ህንዱ አሠልጣኝ ወረቀቱ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈበት ባሌ በቃሉ ያውቀዋል፤ አይነገርም።

አሁን ትንሽ ዝቅ ልበል።

ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ገባ። መስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች፤ የካራማራ በር ተያዘ፤ ጦርነቱ ሐረር ደጃፍ ደረሰ። እነዚህ መኮንኖች በህንድ አስተማሪ ተምረው በአሜሪካ መሣሪያ ያደጉ ናቸው። ያ ዓመት አሜሪካ ፊቷን አዞረች፤ ሶቪየቶቹ በታንክ፣ ኩባዎቹ በሰው መጡ። ባሌ እንደሚለው አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ መመሪያው በሩሲያኛ ነው፤ አስተርጓሚ እስኪመጣ እየነካኩ ነበር የለመዱት። ከጎናቸው ደግሞ ካድሬ አለ፤ ከፊት ያለውን ጠላት ሲያዩ ከኋላ የሚታያቸው እነሱ ናቸው። ይህም ሕይወት ታሪክ ላይ አይጻፍም። «በቆራጥነት ተሰለፈ» ነው የሚባለው።

ሚዜያችን ያኔ ሻለቃ ሆኗል። ላጤ ነው። የተመደበው የት መሰላችሁ? ከሐረር ወደ ባቢሌ በኩል። ለባሌ በጻፈው ደብዳቤ ላይ «ኮረብታውን አገኘሁት» የሚል አለበት። እኛ ስንስቅ ከረምን። ጥር ውስጥ የሶማሊያ ጦር ሐረር ላይ ትልቁን ማጥቃት ሞከረ፤ ተመታና ተመለሰ። እሱ በዚያው ቀረ።

እንዴት ሞተ? እሺ፣ እዚህ ላይ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ኮርሶቹን ብትጠይቋቸው እያንዳንዱ የራሱ አለው። አንዱ ታንክ ላይ ቆሞ ወታደሩን ሲመራ ነው ይላል። አንዱ ቁስለኛ ተሸክሞ ሲወጣ። አንዱ ደግሞ የመጨረሻ ቃሉን ሰምቻለሁ ባይ ነው፤ ቃሉም በየዓመቱ እየረዘመ ሄዷል። ሁሉም ከአጠገቡ ነበሩ። ይሄ ሁሉ መኮንን አጠገቡ ከነበረ፣ እናንተዬ፣ ባቢሌን ማን ይጠብቅ ነበር?

እኔ የማምነው የአሥር አለቃውን ነው። ከጦርነቱ በኋላ አንድ የሬዲዮ ኦፕሬተር ቤታችን መጣ። የሶፋው ጫፍ ላይ ብቻ ተቀምጦ፣ ቡናውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ባሌን ሳይሆን ወለሉን እያየ ነገረን። ሻለቃ ምሽጉ አፍ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ጉልበታቸው ላይ ካርታ፣ በእጃቸው ኮቾሮ። ኮቾሮውን ማን እንደጋገረው እየተሳደቡ ነበር። «ጥርሴን የሚጨርሰው ዚያድ ባሬ ሳይሆን ይሄ ነው» አሉ። እኛ ሳቅን። መድፉ ያኔ መጣ። በቃ። ቃል የለ፣ ባንዲራ የለ። አሥር አለቃው ሲጨርስ «ይቅርታ» አለ፤ የተሻለ ታሪክ ይዞ ባለመምጣቱ።

ይህን ስሪት ኮርሶቹ አይወዱትም። ሰው ሲስቅ የሞተበት ነው፤ እኔ ግን እሱን ያገኘሁት እዚህ ውስጥ ብቻ ነው። እናቱ የሰሙት ታንኩን ነው። ታንኩን የመረጠው ባሌ ነው።

መርዶው እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ ልንገራችሁ። በሠራዊቱ ሚስቶች ቋንቋ «ቆስሏል» ከተባለ ደህና ነው፤ «ትንሽ አሞታል» ከተባለ ነጠላሽን ፈልጊ። ደብዳቤው ገና ሳይፈረም፣ ሬዲዮ ላይ ያለው ኮርስ መምሪያ ላለው ኮርስ ይነግራል፣ መምሪያ ያለው ለባሌ። ባሌ ቀደም ብሎ አውቆ ከኔ ጋር ምሳ ይበላ ነበር፤ እኔም ባሌ እንዳወቀ አውቄ ወጡን አወጣለሁ። ከዚያ ጉለሌ፣ እናቱ ቤት፣ ጎህ ሳይቀድ ተሄደ። ልብ በሉ፣ አንዳቸውም የደንብ ልብስ አልለበሱም። ያን ጊዜ መኮንን በደንብ ልብሱ ጠዋት ሰፈር ከገባ፣ በየቤቱ ወንድ ልጅ ያላት ሁሉ ናት የምትጮኸው። ከጎረቤት ጃኬት ተውሰው ነው የሄዱት። አንዱ የለበሰው የሚስቱን ካፖርት ነበር። የትኛው እንደሆነ ይቆየን።

እንግዲህ ፖስታው።

ለእናቱ፣ ለእማማ፣ አንድ ልጃቸው ነው። ግንባር እያለ ከደመወዙ ተቆራጭ ያደርግላቸው ነበር፤ ሲሞት ቆመ። የወላጅ ጡረታ ይገባቸዋል። ግን አንድ ቢሮ ውስጥ፣ የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልልም፣ የልጁ ስም በክርስትና ወረቀቱ ላይ አንድ፣ በአካዳሚው መዝገብ ላይ ሌላ ሆኖ ተገኘ። «ይጣራ» ተባለ። ሲጣራ ከረመ። እማማ በየሳምንቱ እየተመላለሱ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ።

ኮርሶቹ ተሰበሰቡ። ገንዘብ ብንሰጣቸው አይቀበሉም፣ ኩሩ ናቸው። ስለዚህ ምን ተደረገ? ጠጋ በሉ። በየወሩ ከየደመወዙ ይዋጣል። 50 ብር ይሞላል። ቡናማ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ፖስታው ላይ እኔ በታይፕ «ጉዳዩ፦ የልጅ ተቆራጭ ስለመላክ» ብዬ እመታበታለሁ። ማህተም ያስፈልጋላ! የነበረን ማህተም የመኮንኖች ክበብ የቢራ ሒሳብ የሚመታበት ብቻ ነው። እሱን መታንበት። እማማ ፊደል አልቆጠሩም፤ ክብ ማህተም ያለበት ሁሉ የመንግሥት ነው። ይስማሉ፣ ግንባራቸውን ያስነኩታል፣ «መንግሥትን ያኑርልኝ» ይላሉ። ባሌ «አሜን» ይላል፤ ካድሬም ቢሰማ ደስ ይለዋል።

መዋጮ ላይ ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። አንዱ በየወሩ «ረሳሁ» ነው። ሻምበል ሆኖ ረሳ፣ ኮሎኔል ሆኖ ረሳ፣ ጄኔራል ሆኖም ረሳ። በመታሰቢያው ቀን አበባ የሚያስቀምጠው እሱ ነው፤ ቁመቱ ያምራል።

ግንቦት 1981 ጄኔራሎቹ መንግሥት ሊገለብጡ ሞክረው ሲከሽፍ፣ ከኮርሶቹ አንዱ ታሰረ። ሌላው ደግሞ ከመንግሥት ጋር ቆመ። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ሁለቱ ኮርሶች ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም፤ የአንዱ ልጅ ሲዳር ሌላው አልመጣም። የታሳሪውን ድርሻ ግን አንድ ሰው በየወሩ ከራሱ ጋር ደርቦ ያመጣልኝ ነበር። ማን ይመስላችኋል? ለታሳሪው እስከ ዛሬ አልተነገረውም። እንዳትነግሩት።

ግንቦት 1983 መንግሥቱም ሠራዊቱም አንድ ላይ ፈረሱ። ደመወዝ የለም። መኮንኑ ግማሹ ካምፕ ገብቷል፣ ግማሹ ቤት ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። «ፖስታው አበቃ» አሉ ወንዶቹ። ሚስቶቹ ናቸው የተረከብነው። አንዷ እንጀራ ትሸጣለች፣ አንዷ ትሰፋለች፣ እኔ ማመልከቻ መጻፊያ ጠረጴዛ ይዤ አንድ በር ላይ ተቀመጥኩ። ማህተሙስ? ክበቡ ሲዘረፍ ባሌ ያተረፈው ዕቃ እሱን ብቻ ነው።

ፖስታውን ይዘን ሄድን። ወንዶቹም አብረው መጡ፤ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ጃኬታቸው አርጅቶ። እማማ ፖስታውን አገላበጡና ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ይኼስ መንግሥት ደግ ነው! የደርግ ወታደር እናት ብሎ እንኳ አልቆረጠብኝም። ዕድሜውን ያርዝመው። አሜን በሉ እንጂ፣ ልጆቼ!»

ያን ጊዜ የእነዚያን ሰዎች ፊት ማየት ነበረባችሁ። አዲሱን መንግሥት ስሙን መስማት የማይወዱ ሰዎች፣ ከእንጀራ ሽያጭ የተለቀመ ገንዘባቸው ለሱ ተመዝግቦ፣ በአንድ ድምፅ «አሜን» አሉ።

ቆይ፣ አላለቀም። ጤፍ ሲወደድ ሚስቶቹ ጨመርንላቸው። እማማ ደስታቸውን ሰፈር አወሩት፤ «ጡረታ ተጨመረ» ብለው። የዚያ ሰፈር እናቶች ደግሞ ልጃቸውን ያጡት እሳቸው ብቻ አይደሉም። አንደኛዋ በማግስቱ ቢሮ ሄደው «ለእሷ ጨምራችሁ ለኔ የከለከላችሁኝ የእሷ ልጅ ሻለቃ፣ የኔ ልጅ ሚሊሺያ ስለሆነ ነው ወይ?» ብለው ጮኹ። ፀሐፊው መዝገብ ቢያገላብጥ እማማ የሚባሉ ተከፋይ የሉም። ከዚያ ወዲያ ፖስታው ሁለት ሆነ። ሁለተኛዋን እናት ከኮርሶቹ አንድም የሚያውቃቸው አልነበረም፤ ልጃቸውንም እንዲሁ። ማህተሙን መታንበት።

በየካቲት 26 የካራማራን ድል ለማሰብ ትግላችን ሐውልት ጋ ስትሄዱ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን፣ የወደቁትን ኩባውያን ምስል ታያላችሁ። ኮርሶቹ እዚያ ይቆማሉ፤ በኩባዎቹ አይቀኑም፣ አብረው የተዋጉ ናቸው። ግን አንዱ ሁልጊዜ ባሌን በክርኑ ይነካና «የኛ ሰውዬ እዚህ ቢደረግ ከጉልበቱ በላይ ይሆን ነበር» ይላል። ከሩቅ ሲታዩ የሚጸልዩ ነው የሚመስሉት።

እማማ ባረፉ ጊዜ የሕይወት ታሪካቸውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ማን ይሆናል? ደህና ሄደልኝ። ተግባቢ ነበሩ ብዬ ጻፍኩ፤ ለአንዴ እንኳ እውነት ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ከልጃቸው በኋላ በምን ኖሩ? ሰፈሩ የሚያውቀው በመንግሥት ጡረታ ነው፤ እሳቸውም ሲመርቁ የኖሩት መንግሥትን ነው። ያን ማፍረስ ደግሞ እሳቸውን በአስከሬናቸው ፊት ማስዋሸት ነው።

ኮርሶቹ ሳሎኔ ተሰበሰቡ። «እኔ መዋጮዬን ለዚህ መንግሥት አልሰጥም» አለ አንዱ። «ለደርግስ ትሰጣለህ?» አለ፣ ታስሮ የነበረው። «ስማችን ይጻፍ፣ ታሪክ ነው» አሉ ረሺው ጄኔራል። ሳቁ ጓዳ ድረስ ተሰማ። «አንተ የከፈልከው የትኛውን ወር ነው?» ተባሉ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ፤ በመጨረሻ ባሌ «ታይፒስቷ ትጨርሰው» አለና ተኛ።

ያን ሁሉ ዘመን ቢሮ የዋልኩት ለከንቱ አይደለም። ማንንም የማያስቀይም፣ ማንንም የማያስጠይቅ ቃል ከዚያ ይዤ ወጥቻለሁ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንባቢው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አንድ ልጃቸውን ለአገራቸው ከሰጡ በኋላም፣ ከሚመለከተው አካል በየወሩ በሚደረግላቸው ድጋፍ በክብር ኖረዋል» ብሎ አነበበ። ከኋላ የቆመው የሚመለከተው አካል ተራ በተራ ሳለ። ጄኔራሉም ሳሉ፤ እሳቸውን እንኳ አይመለከታቸውም ነበር።